ጎባ የከረምን

በአብዮቱ ዋዜማና ማግስት የተወለድን ልጆች የእረፍት ቤት የሚባል ነገር አላየንም። ለትምህርት ሶቪየት ኅብረት የሄዱ ታላላቆቻችን የሩሲያ ቤተሰብ ከከተማ ወጣ ብሎ ዳቻ እንዳለው፣ በበጋ እዚያ ድንች እየኮተኮተ እንደሚያርፍ በደብዳቤ ሲነግሩን ቀልድ መስሎን ነበር። የአየርላንድ ቤተሰብም ባሕር ዳር ካለች ትንሽ ከተማ አጠገብ በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚከፍታት ቤት እንዳለችው ያነበብነው ኋላ፣ ካደግን በኋላ ነው። እኛ አገር ሁለተኛ ቤት የነበራቸው ሰዎች ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ተሰናብተውታል። አዋጁ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ብቻ ተወለት። በዚያ ዘመን ሁለት ቤት አለኝ ብሎ የሚያወራ ሰው ራሱን ያስጠይቅ ነበር።

ግን ነበረን። በማንኛችንም ስም ያልተመዘገበ፣ ኪራይ የማንከፍልበት፣ ስንመጣ በሩ የሚከፈትልን፣ ስንሄድ የሚለቀስልን ሁለተኛ ቤት ነበረን፤ አያት ቤት። የአንዱ ደብረ ብርሃን፣ የአንዱ ደሴ፣ የሌላው ጅማ ወይም ይርጋለም። የእኛ ባሌ ነበር፤ ጎባና ሮቤ፣ ለአንዳንዶቻችንም ዲንሾና አዳባ። አዲስ አበባ ተወልደን፣ ወይም የአባታችን የሥራ ዝውውር እያዞረን ናዝሬትና አዋሳ አድገን፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ወደዚያ ደጋ የምንላክ ልጆች ብዙ ነበርን። ዛሬ አምሳን የያዝን፣ ያለ መነጽር መልእክት ማንበብ የተሳነን፣ ልጆቻችንን ለማሳረፍ የሪዞርት ዋጋ የምንጠይቅ ሰዎች የዚያ ቤት ልጆች ነን።

ለእኛ ዓመቱ የሚዞረው በሰኔ ሰላሳ ነበር። ካርድ ተሰጥቶ፣ ማን ስንተኛ እንደወጣ ለሰፈር ሁሉ ተነግሮ፣ ዓመቱን ሙሉ "ሰኔ ሰላሳ እንገናኛለን" ሲባባሉ የከረሙት ተደባድበው ሲያበቁ እናቶቻችን ሻንጣ ያወጣሉ። ለምን እንደሚልኩን ያኔ አንጠይቅም። ዛሬ ስናስበው ናፍቆት ብቻ አልነበረም። ሁለቱም ሥራ ይውላሉ፤ ሲመለሱ የቀበሌ ስብሰባ ይጠብቃቸዋል፣ መሥሪያ ቤት የውይይት ክበብ አለ። ስኳር በኅብረት ሱቅ በራሽን ነው፣ ዳቦ በሰልፍ ነው፣ ሳሙናም እንደ ዕድል ነው። ሦስት ልጆች ሁለት ወር ጎባ ሲከርሙ ሰልፉ ባያጥርም ከሰልፉ የመጣው ዳቦ ይበቃል። ይህን ማንም አልነገረንም፤ እኛ የምናውቀው ጎባ መሄዳችንን ብቻ ነበር።

ለመሄድ ደግሞ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ለልጆቻችን ይህን ስንነግራቸው "በገዛ አገራችሁ?" ይላሉ። አዎ፣ በገዛ አገራችን። ክብ ማኅተም ያረፈበት፣ የልጆቹን ብዛትና የሚሄዱበትን ቦታ የሚገልጽ፣ በኬላ ሁሉ የሚገለጥና የሚታጠፍ ወረቀት። ያን ወረቀት የያዘው አጎት ወይም አደራ የተቀበለ ጎረቤት ጎህ ሳይቀድ መርካቶ አውቶቡስ ተራ ያደርሰናል። ሞጆ ላይ ሻይ፣ መቂ ላይ ቲማቲም፣ ዝዋይ ላይ ዓሣ፣ ሻሸመኔ ላይ ግርግር። እስከዚያ አስፋልት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ኮረኮንቹ ይጀምራል፣ ሰውም ዝም ይላል። ኮፈሌ ላይ መስኮቱ ይዘጋል፣ ዶዶላ ላይ ሹራብ ይወጣል፣ አዳባ ላይ እናታችን ያስያዘችን ዳቦ ያልቃል፣ ዲንሾ ላይ ጆሯችን ይደፈናል። ዲንሾ ላይ አንዳንዴ የደጋ አጋዘን ከመንገዱ ዳር ቆሞ ያየናል። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም እንደማይገኝ የነገረን ስላልነበረ የጎረቤት ፍየል እንዳየን ሁሉ ፊታችንን አዙረን እናልፈዋለን። ከዚያ ቁልቁል ወደ ሮቤ፣ ከሮቤ እንደገና 14 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ወደ ጎባ። አውቶቡሱ ደኅና ከሆነ ማታ እንገባለን፤ ከተበላሸ ሻሸመኔ እናድራለን፣ ትኋኑን ሳንረሳ።

"እናንተ ልጆች፣ አዲስ አበባ እህል የለም እንዴ? ምነው እንዲህ መነመናችሁ!" ይላሉ እማማ፣ ገና ሳንሳም። ከገጠር የሚመጡ ዘመዶች አኮ ይሏቸዋል፣ እኛ እማማ እንላቸዋለን፣ ጎረቤቱ በትልቋ ልጃቸው ስም እናት እያለ ይጠራቸዋል። ክሳታችን ውሸት ነበር። ቢሆንም በየዓመቱ ይባላል፤ ካልተባለ የደረስን አይመስለንም።

የጎባ ቤት አንዱን ያየ ሁሉንም አየ። የጽድ ቋሚ፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ዝናብ ሲወርድበት ወሬ የሚያስቆም የቆርቆሮ ክዳን። ግድግዳው ላይ የእናታችን የምረቃ ፎቶ፣ በወታደር ልብስ የተነሣና ስለ እሱ የማይወራ አጎት፣ ያለፈ ዓመት የቀን መቁጠሪያ። ጓዳው ውስጥ ጎታ፣ በቅል የተቀመጠ ቅቤ፣ ከሀረና ጫካ የመጣ ጥቁር ማር፣ ልጅ እንዳይነካው የተሰቀለ ነገር ሁሉ። ጓሮው ጎመን፣ ድንች፣ ጌሾ። ጎባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ሐምሌ ላይ ፀሐይ ወጣች የሚባለው ጉሙ ሲሳሳ ነው። ማታ ምድጃ ዙሪያ እንቀመጣለን፤ ፊታችን ይቃጠላል፣ ጀርባችን ይበርዳል፣ ከዚያ አምስት ስድስት ሆነን አንድ አልጋ ላይ፣ ግማሹ ራስጌ ግማሹ ግርጌ፣ በአንድ ቡልኮ ሥር እንገባለን። ጠዋት የማን እግር የማን እንደሆነ ለይቶ መነሣት ራሱን የቻለ ሥራ ነበር።

በብዙዎቹ ግቢዎች አጥሩን ተከትለው የተሠሩ የኪራይ ክፍሎች ነበሩ። አያቶቻችን በጡረታቸው ላይ ሊደጎሙባቸው የሠሯቸው ናቸው። አዋጁ እነዚህን ወሰዳቸውና ተከራዩ በወር ጥቂት ብር ለቀበሌ የሚከፍል ሆነ፤ ግቢው ግን አንድ፣ የውሃ ቧንቧው አንድ፣ የልብስ ማስጫ ገመዱም አንድ ነው። በእኛ ግቢ የነበሩት ተከራይ ድሬሰር ነበሩ። እማማ በቀበሌው ላይ የያዙትን ቂም እስከ ዕለተ ሞታቸው አልጣሉትም፤ ያለ ድሬሰሩ ግን አንድም ቀን ቡና አላፈሉም። ስንታመም መርፌ የሚወጉን፣ ስናጠፋ የሚቆጡን፣ ስንመለስ አውቶቡስ ድረስ የሚሸኙን እሳቸው ነበሩ። በዚያ ዘመን ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ሰፋ።

ስለ መብል ካልተናገርኩ እኩዮቼ አይምሩኝም። ባሌ ደጋ በዓመት ሁለቴ ይዘራል፣ ሁለቴም ይታጨዳል። ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ያለውን ወቅት ገና ይሉታል፣ የልደቱ በዓል አይደለም፤ ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ያለውን ደግሞ ቦና። በሌላው አገር ሐምሌና ነሐሴ የጎታው ታች የሚታይባቸው፣ ሰው መስከረምን የሚቆጥርባቸው ወራት ናቸው። እኛ ስንደርስ ግን ባሌ ላይ የገናው ገብስ ደርሷል። እሸቱ ይጠበሳል፣ ቆሎው ይቆላል፣ አዲሱ ገብስ ገንፎ ሆኖ መሃሉ በቅቤ ይሞላል። ቡና ፍሬው እንዳለ በቅቤ ተጠብሶ ቡና ቀላ ሆኖ ሲመጣ ለትልቅ ሰው ነው ተብለን እንባረራለን፤ ሌባ ግን ነበርን። ከሲናና ወገን በሜዳው ላይ የመንግሥት እርሻ ኮምባይነር ሲያጉረመርም እንሰማለን። የገጠር ዘመዶቻችን ግን በማጭድ ያጭዱና ከዚያችው ላይ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተቆረጠ ዋጋ ኮታ ያስገባሉ፤ ለልጅ ልጅ የሚሰጠው ከኮታው የተረፈው ነበር። ሲሰጡን አልቆጠሩትም።

እዚህ ላይ ለመጻፍ የሚከብድ ነገር አለ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 አየርላንዳዊው ቦብ ጌልዶፍና ጓደኞቹ ለንደን ዌምብሌይና ፊላዴልፊያ ላይ ላይቭ ኤይድ የተባለውን የሙዚቃ ድግስ ሲያዘጋጁ፣ ዓለም በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ስለ እኛ አገር ረሃብ ሲዘፈን ሲያይ፣ እኛ ጎባ ሆነን እሸት እንበላ ነበር። ኋላ ከመካከላችን ውጭ አገር የወጡት ከኢትዮጵያ ነኝ ባሉ ቁጥር የሚያጋጥማቸውን ያን የአዘኔታ ዓይን ያውቁታል። "እኔ አልተራብኩም" ማለት ያምራቸዋል፤ ከአፋቸው ግን አይወጣም። የወሎና የትግራይ እኩያችን ያን ክረምት አላለፈማ። የእኛ ትውልድ ስለ ልጅነቱ ጥጋብ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው ለዚህ ነው፤ ወጣቶች ልብ በሉልን።

የአክስትና የአጎት ልጆቻችን እዚያው ተወልደው እዚያው ያደጉ ነበሩ። እኛ ኮንጎ ጫማ አድርገን ጭቃ ስንፈራ እነሱ በባዶ እግራቸው ቶጎና ወንዝን ይሻገራሉ። እኛ ፈረስ ላይ በሰው ስንደገፍ እነሱ ያለ ኮርቻ ይጋልባሉ። "የአዲስ አበባ ልጅ ለወሬ" ይሉናል፤ እኛም አባባ ተስፋዬን በቴሌቪዥን ስለማየታችን፣ ስለ ፎቅና ስለ አንበሳ አውቶቡስ እያጋነንን እንበቀላለን። ሐምሌ ሲገባ "አካም ቡልተን" ከማለት የማያልፈው ኦሮምኛችን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ለመሳደብም ለመማጸንም ይበቃል፤ ታኅሣሥ ሳይደርስ ግን ይጠፋል፣ በሚቀጥለው ክረምት እንደ አዲስ ይጀመራል። ዛሬ ብዙዎቻችን የምንሰማውን ያህል አንናገርም፤ የክረምት ቋንቋ ሆኖ ቀረ።

በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለት ሃይማኖት መኖሩ የሚነገር ነገር አልነበረም። ሁለት ቢላ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ዓይነት ሥጋ፣ አንድ ምድጃ። ከ1977 እስከ 1980 ባሉት ክረምቶች አረፋ የሚውለው በሐምሌና በነሐሴ ነበርና ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚጓዙትን ምዕመናን በሮቤ መንገድ ላይ እናያቸዋለን። ጫፉ ሹካ የሆነ በትር ይዘው፣ ዝናብ እየመታቸው፣ እያዜሙ ያልፋሉ። እማማ የፍልሰታን ጾም ይዘው እያለ ለመንገደኞቹ ቆሎና ውሃ በእኛ እጅ ይልካሉ፤ "ዱዓ አድርጉልን በሏቸው" ይሉናል። ቡሄ ሲደርስ ደግሞ ሙስሊሞቹ ዘመዶቻችን ከእኛ ይበልጥ ሆያ ሆዬ ያውቃሉ፣ ሙልሙሉንም ከእኛ ይበልጥ ይሰበስባሉ። ከየቤቱ የተሰበሰበውን ለመካፈል የሚነሣው ጠብ የሃይማኖት አልነበረም፤ የመጠን ነበር።

ይህን ሁሉ ስል ባሌ የልጆች መጫወቻ ብቻ ነበረች ማለቴ አይደለም። ከ1955 እስከ 1962 ገደማ አገሩን ያናወጠውን፣ ዋቆ ጉቱ ከመሪዎቹ አንዱ የነበሩበትን የገበሬዎች አመፅ ሽማግሌዎቹ በእኛ ፊት አያነሡትም። ምክንያቱ መሬት ነው፣ ግብር ነው፣ በደል ነው። በአንዱ ዘመዳችን ወገን ግብር ያስከፈለ፣ በሌላው ወገን ጫካ የገባ ሰው ነበረ፤ ሁለቱም ለሠርግ አንድ ዳስ ይቀመጣሉ። ከዚያ የሶማሊያ ጦርነት መጣ፣ ከዚያ መንደር ምሥረታ። ቀድሞ በየኮረብታው ተበትነው የነበሩት የገጠር ዘመዶቻችን በመስመር ተሰልፈው በተሠሩ ጎጆዎች እንዲሰፍሩ ተደረገ። ባሌ ይህን ዘመቻ ከሁሉ ቀድማ ቀምሳለች። እኛ ልጆቹ መንደሩን ወደድነው፤ ሁሉም ዘመድ በአንድ መስመር ስለሚገኝ ለመዞር ያመቸናል። አዋቂዎቹ ከብቱ ከግጦሹ፣ እርሻው ከቤቱ ራቀ እያሉ ለብቻቸው ያዝናሉ። የልጅ ደስታ ከአዋቂው ሐዘን ጋር በአንድ መስመር ላይ ሰፍሮ ነበር።

የሳነቴን ከፍተኛ ሜዳ ያየነው ጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን ነው። ወደ ደሎ መና ለቡና የሚወርድ መኪና ላይ ዘመድ ረዳት ሆኖ ሲገኝ፣ እማማን ለሦስት ቀን ለምነን፣ ሸራ ውስጥ ገብተን እንሄዳለን። ከጎባ ወጥቶ መንገዱ ሽቅብ ይወጣል፤ መጀመሪያ ጽድና ኮሶ፣ ከዚያ አስታ፣ ከዚያ ሜዳው ላይ ብቻቸውን የቆሙ ጅብራዎች፣ ከዚያ ድንጋይና ነፋስ። ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ በስተቀኝ 4,377 ሜትር የሆነው ቱሉ ዲምቱ ጉም ለብሶ ይታያል ወይም አይታይም። ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ሲያደባ አይተን ድንጋይ ልንወረውርበት ስንል ሾፌሩ ይቆጣናል። በመላው ዓለም ከ500 የማይበልጡ እንደቀሩ፣ ከግማሽ የሚበልጡትም በዚህ ተራራ ላይ እንደሆኑ አዋቂ ሆነን ነው የተማርነው። ሾፌሩ ይህን ያውቅ ነበር ብዬ አላስብም፤ ብቻ የማይነካ ነገር እንደሆነ ያውቅ ነበር። ከሜዳው ማዶ መንገዱ ይሰበርና ሀረና ጫካ ውስጥ እንገባለን። ሹራብ ይወልቃል፣ ዛፉ ሁሉ ሽበት አብቅሏል፣ ቀርከሃው ያልቃል፣ ቡናው ማንም ሳይተክለው በጥላ ሥር በቅሏል። ጠዋት ውርጭ የረገጠ ልጅ ከሰዓት በኋላ ይወዛል። ስንመለስ የእማማ ቡና በእኛ ቦርሳ ውስጥ፣ ከልብሳችን ሥር ነበር፤ ኬላ ላይ ልጅ አይፈተሽም ብለው። ኮንትሮባንድን ያስተማሩን እሳቸው ናቸው።

ከእኛ በአምስትና በስድስት ዓመት የሚበልጡት ወንዶች ልጆች መዋኘት ያሳዩን፣ ፈረስ ያስያዙን፣ የወንዶች ወሬ የነገሩን ናቸው። በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ። በመጀመሪያው ዙር አንዱ ሄደ፣ በሁለተኛው ሁለቱ። ከእነሱ አንዱ ገጠር ገብቶ ተደብቆ ነበር፤ ገበያ ቀን በአፈሳ ተያዘ። ደብዳቤዎቻቸው አንድ ዓይነት ናቸው፤ "እኔ ለጤናዬ ደኅና ነኝ" ብለው ጀምረው "ድል ለሰፊው ሕዝብ" ብለው ይጨርሳሉ፣ በመካከሉ ስለ እነሱ ምንም የለም። መጋቢት 1980 ኤርትራ ውስጥ የአፋቤት ግንባር ተሰበረ። በዚያው ክረምት ጎባ ስንደርስ አልጋው ሰፍቶን ነበር። እማማ ማታ ማታ በር ዘግተው ቁልፉን አያዞሩም ነበር፤ እስከ 1983 ድረስ አላዞሩትም። ሠራዊቱ ተበትኖ ወታደሩ በእግሩ ወደየቤቱ ሲመለስ ከሦስቱ አንዱ መጣ። የሌሎቹ መርዶ አልመጣም፣ ለቅሷቸውም አልተቀመጠም። የትውልዳችን ሰው "ታላቅ ወንድም አለህ?" ሲባል አንዳንዴ መልስ የሚዘገይበት ለዚህ ነው።

ከ1983 በኋላ ነገሩ ሁሉ ቦታ ተለዋወጠ። ዋናዋ ከተማ ጎባ፣ አስተዳደሩ፣ ሆስፒታሉና ዋቢ ሸበሌ ሆቴሏ የሚያኮሯት ጎባ፣ ሹመቷን ለሮቤ አስረከበች። ስንዴና ገበያ ብቻ ያላት እያልን የምናሾፍባት ሮቤ የዞኑ መቀመጫ ሆነች፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲን አገኘች። እኛም አድገን ክረምታችን ለሌላ ነገር ዋለ፤ ለማትሪክ ዝግጅት፣ ለሥራ ፍለጋ፣ ለዲቪ ፎርም። ብዙዎቻችን እንደ ትልቅ ሰው ባሌን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየናት በ1992 ዓ.ም. ነው። በየካቲትና በመጋቢት ደኑ ተያያዘ፣ ለሳምንታትም ነደደ። ወታደሩ፣ ገበሬው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው እሳት ሊያጠፋ ወጣ፤ ከእኛ ተማሪ የነበሩት በልጅነታቸው በሸራ ሥር ተሸሽገው ወዳለፉበት ጫካ አካፋ ይዘው ተመለሱ። ጢሱ ውስጥ የልጅነት አብሮ አደጋቸውን ያገኙ አሉ። ስም ለመጠራራት ጊዜ አልነበረም፤ አንዱ ቅጠል እየቆረጠ፣ ሌላው አፈር እየዛቀ ተያዩ።

አያቶቻችንም እንደየተራቸው አለፉ። ቤቱስ? ይህን ጥያቄ ልጆቻችን ሲጠይቁን የምንሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ተሸጠ። እኔ ግን እኩዮቼን በዚህ ጉዳይ ማንም እንዲወቅሳቸው አልፈልግም፣ ሒሳቡን ስለማውቀው። ወራሹ ብዙ ነው፤ አንዱ ሚኒሶታ፣ አንዷ ጅዳ፣ አንዱ ሐዋሳ፣ አንዷ እዚያው ጎባ። ውክልና መላክ ብቻውን ዓመት ይፈጃል። ክዳኑ ያፈሳል፤ የሚያስጠግነው አንድ ሰው ነው፣ የሚከራከረው ሁሉም። የእኛ ትውልድ ደግሞ የወላጆቹ ትርፍ ቤት ተወስዶበት የራሱን የመጀመሪያ ቤት ሲጠብቅ የኖረ ነው። በ1997 ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ፣ በ2005 እንደገና ተመዝግቦ፣ ከደመወዙ ሳያጓድል ቆጥቦ፣ ዕጣ በወጣ ቁጥር ስሙን በጋዜጣ ላይ በጣቱ እየፈለገ ያረጀ ሰው አለን። እንዲህ ያለ ሰው ለሁለተኛ ቤት ክዳን ገንዘብ ከየት ያመጣል? ጎባ ያለው ቤት ተሸጦ የታመመ ታከመበት፣ የልጅ ትምህርት ተከፈለበት፣ አንዲት እህት ቤይሩት ከመሄድ ቀረች። አንዳንዱ ቤተሰብ በድርሻው ተኳርፎ እስከ ዛሬ ለቅሶ አይገናኝም፤ እሱንም ቢሆን አልፈርድበትም።

ባሌ ራሷ ደግሞ እኛን አልጠበቀችም። መንገዱ እስከ ጎባ ድረስ አስፋልት ሆኗል፤ ከአዲስ አበባ ሮቤ በአውሮፕላን ይደረሳል። ጋሪ በነገሠበት ጎዳና ባጃጅ ይሽከረከራል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፈረ። ከሩቅ አገር የመጣ ጎብኚ ያን ቀበሮ ለማየት ሌሊት ተነሥቶ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ በትልቅ ካሜራ ያነጣጥራል። ልጆቻችን ሳነቴን በስልክ ያውቋታል፤ ከእኛ አጥርተው ስሟን ይጠሯታል፣ ከፍታዋንም ይነግሩናል። ደስ ይለናል። የማያውቁት የአክስታቸውን ልጅ ነው። ሪዞርት ይዘናቸው ስንሄድ መዋኛው ንጹሕ ነው፣ ምግቡ በሰዓቱ ይመጣል፣ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ አልጋ አለው፤ ከጎናቸው ባለው ክፍል ያረፉት ልጆች እነማን እንደሆኑ ሳያውቁ እሑድ ማታ እንመለሳለን።

ስለዚህ ለእኩዮቼ አንድ ነገር ልበል። የአያት ቤታችሁ ገና የቆመ ከሆነ ዘንድሮ ስለ ድርሻ አትነጋገሩ፤ ስለ ክዳኑ ብቻ ተነጋገሩ። ውጭ ያላችሁት ለክዳኑ ላኩ፣ አገር ውስጥ ያላችሁት አናጢ ፈልጉ፣ እዚያ ያለችው እህታችሁ ቁልፉን ትያዝ። ሐምሌ ሲገባ ልጆቻችሁን ይዛችሁ አትሂዱ፤ ላኳቸው። አብራችሁ ከሄዳችሁ ከእናንተ ጋር ይውላሉ፣ ከላካችኋቸው ከዘመዶቻቸው ጋር ይውላሉ። ብርድ ይመታቸዋል፣ ስልካቸው ቻርጅ ያጣል፣ ኦሮምኛ አቃታቸው ተብሎ ይሳቅባቸዋል፤ በነሐሴ ግን ይሰድባሉ። ቤቱ ተሸጦ ከሆነም ሮቤ ሱቅ የከፈተው ያ ፈረሰኛ፣ ጎባ ሆስፒታል የምትሠራው ያቺ ሙልሙል ሰብሳቢ እዚያው አሉ። ቁጥራቸውን ከማን እንደምታገኙ ታውቃላችሁ። ሰኔ ሳይወጣ ደውሉላቸው።